ደሴ ላይ ባሕር ማኖር፦ የትንሽ ኮራል አኳሪየም አያያዝ ከሀ እስከ ፐ

ሳሎናችን ውስጥ 80 ሊትር ባሕር አለ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጎቢ የምትባል አንዲት ትንሽ ዓሣ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ እንደ ሕፃን እጅ የሚጨበጡና የሚዘረጉ ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ይኖሩበታል። በመስኮቱ በኩል የጦሳ ተራራ ይታያል። ባሕር ለማየት ግን አፋርን አቋርጦ መውረድ ነው። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ገንዳው ፊት ይቆማል። ከዚያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔ ቤትስ ይሆናል?»

ይሆናል። እንዴት እንደሚሆን እጽፍላችኋለሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ስጀምር ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ ባሕር ጠረፍ አጠገብ ለሚኖር ሰው የተጻፉ ነበሩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል። መብራት ይጠፋል። እነዚህን ሦስቱን ሳያስብ ገንዳ የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ ያዝናል። ስለዚህ ከዓሣ አንጀምርም። ከዚህ ጥያቄ ነው የምንጀምረው፦ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ውሃው እስከ ንጋት በምን ይተነፍሳል?

ትንፋሽ ይቀድማል

ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ የሚገባው ደግሞ በውሃው ገጽ በኩል፣ ከላይ ካለው አየር ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጅቡቲ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ያው ውሃ ደሴ ላይ ከ5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች። ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሌላ አገር 80 ሊትር ውስጥ አምስት ትንንሽ ዓሣ የሚያኖር ሰው ታገኛላችሁ። እኛ ጋ ሦስት ይበቃል። የውሃው ገጽ ቀንም ሌሊትም መናወጥ አለበት። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ ያዙት፤ 27 እና 28 አታድርሱት። ሌሊት ኮራሎቹና አልጌው ራሳቸው ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚጨናነቀው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ይህን የተማርኩት በከባድ መንገድ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ኢንቨርተር ነበረኝ። የፈራሁት ብርዱን ስለነበር ማሞቂያውንም ፓምፑንም አብሬ ባትሪው ላይ ሰካሁና ተኛሁ። ማሞቂያው ባትሪውን ጨረሰው። ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ስነሳ ውሃው ገና 22 ዲግሪ ነበር። ሁለት ዓሣዎች ግን ሞተው አገኘሁ፤ የቀሩት አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ከፍተው ያለከልኩ ነበር። ብርዱ አልነበረም የገደላቸው። ትንፋሽ አጥተው ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር አወር የሆነ የመኪና ዓይነት ባትሪ ሙሉውን ቢቆጠር 1,200 ዋት አወር ይይዛል። እንዳይበላሽ ግን ከግማሹ በላይ ባታወጡበት ይመረጣል። 600 ቀረ ማለት ነው። 100 ዋት ማሞቂያ ይህን ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። 10 ዋት ፓምፕ ግን ኢንቨርተሩ የሚበላው ተቀንሶለት እንኳ ከአንድ ቀን ከሌሊት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪው ለፓምፕ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ በተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዙ። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ዓይነት አለ፤ እሱ ካገኛችሁ እንቅልፋችሁን ትተኛላችሁ።

ሙቀቱን በሌላ መንገድ እንይዛለን። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍኑት፤ ከላይ ብቻ ለአየር ክፍት ይሁን። መብራቱ ከነጋም ቶሎ ካልመጣ ውሃ በቡታጋዝ አሙቃችሁ በሁለት ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ ሙሉና ክዳኑን አጥብቃችሁ ገንዳው ላይ አንሳፍፉ። 60 ዲግሪ የሆነ ሁለት ሊትር ውሃ 80 ሊትሩን አንድ ዲግሪ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ያሞቀዋል። ጠርሙሱ ሲገባ ውሃው ከፍ ስለሚል እንዳይፈስ ተጠንቀቁ።

ገንዳውና ማቆሚያው

ለመጀመሪያ 60 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ልክ ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ 96 ሊትር ነው። ከላይ ክፍተት ሲተው፣ ዐለትና አሸዋ ሲገባ 80 ሊትር ግድም ይቀራል። ከዚህ ያነሰ ይቀላል ብላችሁ አትሳቱ። ውሃ ባነሰ ቁጥር ስሕተት ቶሎ ይገድላል።

ተሠርቶ የመጣ ገንዳ ካላገኛችሁ መስታወት ቤት ማስቆረጥ ይቻላል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ለዚህ ልክ አስተማማኝ ነው። ሲሊኮኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። ሻጋታ ይከላከላል የሚል ከሆነ ተዉት፤ ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ነው፣ ውስጡ ያለው መድኃኒት ዓሣ ይጎዳል። የኮምጣጤ ሽታ ያለውና ለአኳሪየም ይሆናል የሚለው ነው የሚፈለገው። አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ በተራ ውሃ ሞልታችሁ ሦስት ቀን ተዉት። የሚያፈስ ከሆነ ሳሎን ሳይገባ ይታወቃል።

ክብደቱ 120 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል። የቲቪ ማስቀመጫ ወይም ቡፌ አይችለውም። እኔ ብረት በያጅ ዘንድ አሠራሁ። በያጁ ሰፊ ልምድ ያላቸው አባት ናቸው። «አባባ፣ ከላይ ጣውላ ይሁንልኝ» ስላቸው «ልጄ፣ ጨው ከሆነ መጀመሪያ ብረቱን እናልብሰው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ዙር ቀቡት፤ እስካሁን አልዛገም። ከገንዳው ሥር ስስ ፎም አንጥፉ። ወለሉ እኩል መሆኑን በውሃ ልክ ለኩ። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አታድርጉት።

ማሞቂያ 200 ዋት አንድ ከምትገዙ 100 ዋት ሁለት ግዙ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሌሊቱን ያሻግራል። አንዱ ተጣብቆ አልጠፋም ቢልም ብቻውን ውሃውን ሊቀቅለው አይችልም። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ትንንሽ ፓምፖችም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ወደ ውሃው ገጽ አቅኑት። ስኪመር የሚባለው አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣ መሣሪያ ለዚህ ልክ ግዴታ አይደለም ይባላል። ለደሴ ግን እኔ ግዙ እላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አየርና ውሃ ያቀላቅላልና።

ሶኬቶቹን ከገንዳው ከፍታ በላይ ወይም ራቅ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ አስተክሉ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይንጠልጠል። ውሃ በገመዱ ቢወርድ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገቡ። የጨው ውሃና 220 ቮልት አንድ ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ውሃው ከየት ይምጣ

የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። ክሎሪን አለው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ማዕድን ይበዛበታል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት። የዝናብ ውሃ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ክረምት ሲገባ በርሜሉ ሞልቶ ስለሚታይ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ውሃ አይሆንም። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ለኛ በዚያ መጠን ምንም ባይሆንም ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። መዳብም እንዲሁ ነው።

የሚሆነው ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት በሚያሳልፈው በአርኦ ማጣሪያ ያለፈ፣ መጨረሻው ላይ የተረፈውን ማዕድን የሚያስቀር የዲአይ ማጣሪያ ያለው ውሃ ነው። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው የቧንቧው ግፊት ከ3 ባር በላይ ሲሆን ነው። የኛ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ከማጣሪያው ጋር ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ አብራችሁ ግዙ። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚያሳይ ቲዲኤስ መለኪያ ይኑራችሁ፤ የተጣራው ውሃ 0 ማሳየት አለበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ በመጣ ቀን አጣርታችሁ ለምግብ በሚሆን ጀሪካን አስቀምጡ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን በስንትም ቢታጠብ አይጠቅምም።

ጨው

ወሎ የጨው መንገድ አገር ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ከአፋር ስለሚመጣ ጨው ማንም አይነግረውም። ስለዚህ «ጨው እዚህ እያለን ለምን ከውጭ እንገዛለን?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ይኸው። የምንበላው ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ጨው በክብደቱ 85 ከመቶ ገደማ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚያ ከቀረው ውስጥ ባለው ካልሲየም ነው። የገበታ ጨው ላይ ደግሞ አዮዲን ይጨመርበታል። ለኮራል ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ብቻ ነው የሚሆነው።

ብዙ አይፈጅም። ለመጀመሪያው 80 ሊትር 3 ኪሎ ገደማ ይበቃል። በየሳምንቱ 8 ሊትር ለመቀየር 300 ግራም ነው። 20 ኪሎ የሚይዝ አንድ ባልዲ ጨው ለዓመት ያህል ያቆያችኋል። ክዳኑን አጥብቁ፤ በክረምት እርጥበት ስቦ ድንጋይ ይሆናል።

«ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር አውቃለሁ፤ በጀሪካን ውሃ ቢያመጣልኝስ?» የሚሉኝም አሉ። የወደብ ዳር ውሃ ነዳጅና ቆሻሻ አለበት። በመንገድ ላይ ደግሞ በሙቀት ውስጥ ውሎ ያድራል፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ሞተው ይበሰብሳሉ። ተዉት። ይልቅ እንዲህ ቀላቅሉ፦

1. ንጹሕ የላስቲክ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ የተጣራውን ውሃ አስቀድሙ። ውሃ ጨው ላይ አይፈስም፤ ጨው ነው ውሃ ላይ የሚፈሰው።
2. በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው በቀስታ ጨምሩ። ትንሽ ፓምፕ ውስጡ ይሥራ።
3. በማሞቂያ 25 ዲግሪ አድርሱትና አንድ ሙሉ ቀን ይዙር። እስኪጠራ ጠብቁ።
4. ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ ለኩ። 35 ማንበብ አለበት፤ በሌላው መስመር 1.026 ገደማ ነው። ካነሰ ጨው፣ ከበለጠ ውሃ ጨምሩ።

ሪፍራክቶሜትሩን በየወሩ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ያልተስተካከለ መለኪያ ከሌለው ይብሳል፤ እያመናችሁት ያሳስታችኋል።

ዐለቱ፣ አሸዋው፣ ጥበቃው

የኮራል አኳሪየም ዋና ማጣሪያ ዐለቱ ነው። አራጎናይት የሚባል ብስብስ፣ ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ ዐለት 10 ኪሎ ያህል በቂ ነው። ከቦርከና ዳር የተለቀመ ድንጋይ አይተካውም። የኛ ተራራ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ድፍን ስለሆነ ባክቴሪያ የሚኖርበት ቀዳዳ የለውም። ዐለቱን ባዶው ገንዳ ላይ ቀድማችሁ ደርድሩ፤ አሸዋው በኋላ ይገባል። አለዚያ ዐለቱ አሸዋ ላይ ቆሞ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ውሃ ዙሪያውን እንዲያልፍ ክፍተት ተዉለት። እንደ ግንብ አትደርድሩት።

አሁን ውሃው ገብቷል፣ ፓምፑ ይዞራል፣ ሁሉም ያምራል። ዓሣ ግን አይገባም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የዓሣ ዓይነ ምድርና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይኸኛው በትንሹ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዐለቱ ላይ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ባክቴሪያው የሚበላው ነገር ይፈልጋል። ውጭ ሽሪምፕ ይጨምራሉ። እኔ ከሐይቅ የመጣ ጥሬ ቆሮሶ፣ ጨውም ቅመምም ያልነካው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በቁራጭ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሬ አስገባሁ። ሠርቷል። ሲበሰብስ ትንሽ ይሸታል፤ አሞኒያው ሲታይ አውጥቼ ጣልኩት። በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ ያፋጥናል። በሁለት ቀን አንዴ ለኩ። አሞኒያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ናይትራይት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም 0 ሆነው ናይትሬት ሲታይ ለመፈተኛ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጨምሩ። ምግቡ ተጨምሮም በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ሁለቱ 0 ላይ ከቆዩ ውሃው ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አሸዋውን ያለብሳል። ቀጥሎ አረንጓዴው ይመጣል። አትደንግጡ፣ መድኃኒትም አትፈልጉ። ይህ ያልፋል። በዚህ ጊዜ አምስት ስድስት ቀንድ አውጣ ብታስገቡ ይጠርጉታል።

የኮራል ብርሃን ሰማያዊ የሚያመዝንበት ኤልኢዲ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት በታይመር ይብራ። በሠላሳ ከመቶ ጀምሩና በወር ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ብርሃን ኮራሉን ያነጣዋል።

ማንን እናስገባ?

ክላውንፊሽ አንድ ጥንድ፣ ጎቢ አንድ። ጨርሰናል። የቀይ ባሕር ልጅ የሆነውን ወይን ጠጅ ቀለሙን ፍሪድማኒ የሚፈልግ በጎቢው ፈንታ ይውሰድ። ክላውንፊሽም ፍሪድማኒም በእርባታ ይገኛሉ፤ ሻጩን «እርባታ ነው ከባሕር የተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። እርባታ የሆነው ጠንካራ ነው፣ ደረቅ ምግብም ለምዷል። ባሕሩም አይጎዳም።

ኮራል በለስላሶቹ ጀምሩ። እንጉዳይ ኮራል፣ የቆዳ ኮራል፣ ዞአንቲድ። እንደ ልብ እየመታች የምትጨብጠው ዜኒያም ውብ ናት፤ ግን ትስፋፋለች፣ ለብቻዋ ዐለት ስጧት። አክሮፖራና የመሳሰሉት ባለ አጥንቶቹ ቢያንስ ዓመት ይጠብቁ።

ስለ ዞአንቲድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትቁረጧቸው። ያሉበትን ዐለት በፍጹም በፈላ ውሃ አታጽዱ። እንፋሎቱን የተነፈሰ ሰው ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

ገበያችን ላይ በብዛት የሚታየው ጎልድፊሽና ጉፒ ነው። የባሕር ዓሣና ኮራል በትእዛዝ፣ ፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል ነው የሚመጣው። ወራት መጠበቅ አለ፤ ጠብቁ። ባለ አጥንት ኮራል የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ ሳይቲስ ስምምነት የተመዘገበ ነው፤ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፍም። በሰው እጅ ከጅቡቲ ተነቅሎ የመጣ ኮራል አትቀበሉ። የሚነቀለው ስንት ዓመት ያደገ ፍጥረት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ መንገድ ላይ ይሞታል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ላስቲኩ ውስጥ ያለው አየር ይነፋል፤ ስለዚህ ላስቲኩ ሲታሰር ላላ ይበል፣ ሁለት ሦስት ድርብ ይሁን። ብርዱም አለ። ክዳን ባለው የፎም ሳጥን አድርጋችሁ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሉ፤ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳይሆን አጠገባችሁ ይሁን።

ቤት ሲደርስ ላስቲኩን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉ። ከተፈታ በኋላ ግን ቶሎ በሉ። ረጅም መንገድ የመጣ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል። ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ዝቅ ስላደረገው አሞኒያው አይጎዳም ነበር። ላስቲኩ ሲፈታ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩን የውሃው ጨው ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁና በዚያው ልክ የተዘጋጀ ሌላ ትንሽ ገንዳ ይጠብቀው። ዓሣውን በመረብ ወዲያው አሻግሩ፤ የመጣበትን ውሃ ድፉት። እዚያ አራት ሳምንት ይቆይ። ነጭ ነጥብ ወይም ሌላ በሽታ ካለ እዚያው ይታያል። የመዳብ መድኃኒት ካስፈለገ እዚያ ብቻ ነው፤ ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ አይገባም።

ቤት ውስጥ ያለው ጭስ

ወሎ ቤት ያለ ዕጣን ቡና የለም። ከአቦል እስከ በረካ ከሰሉ ይነድዳል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ዱዓም ካለ ጭሱ ይጨምራል። ስኪመሩ ደግሞ የሳሎኑን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ነው የሚያስገባው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛ ፒኤች ከ8 በታች ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሰውም ጥሩ አይደለም። እናቴን ዕጣን አታጭሺ ማለት አይታሰብም። ያደረግኩት ቀላል ነው፦ የስኪመሩን አየር መሳቢያ ቀጭን ቱቦ በመስኮቱ ጥግ አውጥቼ ከውጭ እንዲስብ አደረግሁ። ፒኤቹ ተስተካከለ። ቡናውም ቀጠለ።

ፍሊት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይነፋም። ሽሪምፕ የነፍሳት ዘመድ ነው፤ ለዝንብ የተሠራው እሱንም ይጨርሰዋል። እጅ ላይ ቅቤ፣ ቅባት ወይም ሳሙና ካለ ገንዳው ውስጥ አይገባም። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ በውሃ ብቻ ታጠቡ።

በየቀኑ፣ በየሳምንቱ

ጠዋት ዓሣዎቹን ቁጠሩ። ቴርሞሜትሩን እዩ። ከዚያ የተነነውን ተኩ፤ በተጣራ ውሃ ብቻ፣ ያለ ጨው። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን ይቀራል። በበጋ የኛ አየር ደረቅ ስለሆነ በቀን አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። 8 ሊትር እስኪጎድል ከተዋችሁት 35 የነበረው ጨው 39 ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና በየቀኑ እዚያ አድርሱት። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ።

ቅዳሜ ቅዳሜ 8 ሊትር ቀይሩ። መጀመሪያ መስታወቱን ጥረጉ። ቀጥሎ በቱቦ ከአሸዋው ላይ ቆሻሻ እየሳባችሁ 8 ሊትር አውጡ። አዲሱ ውሃ በጨውም በሙቀትም እኩል መሆኑን ለክታችሁ በቀስታ አስገቡ። የማጣሪያ ስፖንጅ ካላችሁ ባወጣችሁት ውሃ እጠቡት፤ በቧንቧ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

የምትለኩት ይህን ነው። አሞኒያና ናይትራይት 0። ናይትሬት በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች፣ ፎስፌት ከ0.1 በታች፤ ሁለቱም ግን ፍጹም 0 አይሁኑ፣ ኮራሉም ይራባል። ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚይዝበት አቅም፣ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (መለኪያው ነው)። ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300 ገደማ። ለስላሳ ኮራል ብቻ ከሆነ የሳምንቱ ውሃ ቅየራ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይሸፍናል። አልካሊኒቲ ከወረደ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ እሱ ስታርችና አሲድ አለው። ለ80 ሊትር 2.4 ግራም ሶዳ አንድ ዲኬኤች ያነሣል። በተጣራ ውሃ አሟሙታችሁ ፓምፑ ፊት በቀስታ አፍስሱ። በቀን ከአንድ ዲኬኤች በላይ አታንሱ።

በየወሩ ፓምፖቹን ፈትታችሁ በኮምጣጤና በውሃ ዘፍዝፉ። ኖራ የመሰለው ነገር ይለቃል። የባትሪውን ኢንቨርተርም መብራት እያለ ነቅላችሁ ሞክሩት። በጨለማ ከማወቅ በብርሃን ማወቅ ይሻላል።

ለበዓል ገጠር ስትሄዱ የቤት ሰው «ራባቸው» ብሎ ምግብ ያበዛል። ምግቡ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይነሣል። እኔ የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ፤ የቀረውን ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። የተጣራ ውሃውን በጠርሙስ አንድ አንድ ሊትር ሞልቼ እደረድራለሁ። የአየር ፓምፑን ከነባትሪ ድንጋዩ ገንዳው ላይ አስቀምጣለሁ። ለእህቴ የምነግራት ሦስት ነገር ነው፦ «ወረቀቷን ፍቺ፣ ውሃውን እስከ ምልክቱ አድርሺ፣ መብራት ከጠፋ ይህን አብሪና ደውዪልኝ።»